ሉሲ ዊልስ፦ የደም ማነስን መንስኤ ፍለጋ ከለንደን እስከ ቦምቤይ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 መገባደጃ፣ ያኔ ቦምቤይ ትባል በነበረችው በዛሬዋ ሙምባይ፣ ነፍሰ ጡሮችን የሚያክሙ ሐኪሞች አንድ እንቆቅልሽ ገጥሟቸው ነበር። ወደ እነርሱ ከሚመጡት ሴቶች መካከል ከንፈራቸው የገረጣ፣ እግራቸው ያበጠ፣ ጥቂት እርምጃ ሲራመዱ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ነበሩ። ደማቸው በእጅጉ ቀንሶ ነበርና ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከመውለዳቸው በፊት፣ ሌሎቹም በወለዱ ማግስት ሕይወታቸው ያልፍ ነበር።

በሽታው ስም ነበረው። ሐኪሞች በእርግዝና ወቅት የሚከሰት አደገኛ የደም ማነስ ይሉት ነበር። ይሁን እንጂ ለበሽታ ስም ማውጣትና መንስኤውን ማወቅ ለየቅል ናቸው። የሴቶቹ ደም ለምን እንደሚያንስ በእርግጠኝነት መናገር የሚችል አልነበረም። ተላላፊ በሽታ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ከእርግዝናው የሚመነጭ መርዝ ነው ብለው የጠረጠሩም እንዲሁ።

ይህን እንቆቅልሽ እንድትመረምር ከለንደን የተጠራችው የ40 ዓመቷ ሐኪም ሉሲ ዊልስ ነበረች። በሕንድ ያከናወነችው ሥራ ከጊዜ በኋላ በመላው ዓለም ነፍሰ ጡሮች ለሚወስዱት አንድ አነስተኛ ክኒን መሠረት ሆነ።

የመሣሪያ አምራቾች ልጅ

ሉሲ ዊልስ በ1888 በእንግሊዝ፣ በበርሚንግሃም ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ሳተን ኮልድፊልድ ተወለደች። የአባቷ ቤተሰብ ማጭድን የመሳሰሉ ስለታም የእጅ መሣሪያዎችን የሚያመርት ድርጅት ነበረው። አባቷ ራሱ ሳይንስ የተማረ ሰው ሲሆን የእናቷ አባት ደግሞ በበርሚንግሃም የታወቀ ሐኪም ነበር። በመሆኑም በዚያ ቤት ውስጥ ሳይንስ እንግዳ ነገር አልነበረም።

በዘመኑ ለልጃገረዶች ጠንካራ ትምህርት ይሰጡ ከነበሩት ጥቂት ትምህርት ቤቶች አንዱ በሆነው በቼልተንሃም የልጃገረዶች ኮሌጅ ተምራ በ1907 ካምብሪጅ በሚገኘው ኒውንሃም ኮሌጅ ገባች። በዚያም የዕፀዋትና የሥነ ምድር ትምህርት ተከታትላ በ1911 አጠናቀቀች። ሆኖም የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በዚያን ጊዜ ሴቶች ፈተናውን ቢያልፉም ዲግሪ አይሰጣቸውም ነበር። ይህ ደንብ እስከ 1948 ድረስ አልተለወጠም።

ትምህርቷን ያጠናቀቀችበት ዓመት የሐዘን ዓመትም ነበር፤ አባቷን በዚያው ዓመት አጣች። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ እህቷ ሞተች። ሉሲ ከእናቷ ጋር ወደ ሲሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ ተጓዘች፤ ከዚያም እርሷ ወደ ደቡብ አፍሪካ አቀናች። አንደኛው የዓለም ጦርነት የፈነዳው በደቡብ አፍሪካ ሳለች ነው። በኬፕ ታውን ለጥቂት ሳምንታት በሕሙማን ረዳትነት ስታገለግል ቆይታ ወደ አገሯ ተመለሰች። በ1915 በለንደን የሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት ተመዘገበች።

ይህ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን የሚያሠለጥነው በሮያል ፍሪ ሆስፒታል ነበር። ሆስፒታሉ በለንደን ሴት የሕክምና ተማሪዎችን ለመቀበል ፈር ቀዳጅ ነው። ሉሲ በ1920፣ በ32 ዓመቷ፣ በሕክምና ተመረቀች። እንደ ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቿ ክሊኒክ ከፍታ ሕሙማንን ማከምን አልመረጠችም። ወደ ቤተ ሙከራ ገብታ ደምና ሌሎች የሰውነት ፈሳሾችን መመርመር ጀመረች።

ቁጥሩ ያነሰ፣ መጠኑ የገዘፈ

ለእናቶች ሞት መንስኤ የሚሆኑ ችግሮችን ለማጥናት በሕንድ በተጀመረው ምርመራ እንድትሳተፍ የጋበዘቻት በዚያው በሕክምና ታገለግል የነበረችው ዶክተር ማርጋሬት ባልፎር ናት። የሉሲ ዋነኛ የሥራ ቦታ በቦምቤይ የሚገኘው የሃፍኪን ኢንስቲትዩት ሆነ። ከዚያም በደቡባዊ ሕንድ ተራሮች ላይ በምትገኘው ኩኑርና በማድራስ፣ የዛሬዋ ቼናይ፣ ምርመራዋን ቀጠለች።

የደም ማነስ በራሱ የምርመራ መጨረሻ ሳይሆን መጀመሪያ ነው። ትኩሳት አንድን በሽታ ብቻ እንደማያመለክት ሁሉ የደም ሕዋሳት ቁጥር መቀነስም በርካታ መንስኤዎች አሉት። ደም በመፍሰስ ሊያልቅ ይችላል። በወባና በመሰል በሽታዎች ሳቢያ ሕዋሳቱ ከዕድሜያቸው በፊት ሊፈርሱ ይችላሉ። ወይም ደግሞ የደም ሕዋሳት የሚመረቱበት የአጥንት መቅኔ ለምርቱ የሚያስፈልገውን ነገር ያጣ ይሆናል። ከውጭ ሲታይ ሁሉም ድካም፣ መገርጣትና የትንፋሽ ማጠር ናቸው።

ሉሲ የሴቶቹን ደም በአጉሊ መነጽር ስታይ ያገኘችው ምልክት አቅጣጫ የሚጠቁም ነበር። የብረት ማዕድን ሲጎድል ቀይ የደም ሕዋሳት ያንሳሉ፤ ቀለማቸውም ይፈዛል። በእነዚህ ሴቶች ደም ውስጥ የታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የሕዋሳቱ ቁጥር እጅግ የቀነሰ ሲሆን የእያንዳንዳቸው መጠን ግን ከጤነኛው የገዘፈ ነበር።

ይህ ለምን እንደሚሆን ሳይንስ ያብራራው በኋለኞቹ ዓመታት ነው። አንድ ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት የዘር መረጃ የያዘውን ዲኤንኤ መቅዳት አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው ግብዓት ሲጎድል ቅጂው ይጓተታል፤ ሕዋሱ ግን ማደጉን አያቆምም። በመሆኑም ሳይከፈል ይገዝፋል። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሕዋሳት ከመቅኔው ሳይወጡ ይሞታሉ። ጉድለቱ ሲከፋም ከቀይ ሕዋሳት አልፎ በሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳትና ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ቁጥርም ያሽቆለቁላል።

ችግሩ እንዲህ ያሉ ግዙፍ ሕዋሳት በሌላ በሚታወቅ በሽታም መታየታቸው ነበር። በአብዛኛው ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን የሚያጠቃ፣ ነርቭንም የሚጎዳ አደገኛ የደም ማነስ አለ። በ1926 ጆርጅ ማይኖትና ዊልያም መርፊ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ለዚህ በሽታ ብዙ ጉበት መብላት ፈውስ እንደሚሆን አስታውቀው ነበር። ለዚህም ግኝት በ1934 ከጆርጅ ዊፕል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የሕንድ ሴቶች ደም በአጉሊ መነጽር ሲታይ ከዚህ በሽታ ጋር ይመሳሰላል። ሴቶቹ ግን ወጣቶች ናቸው፤ ነርቫቸውም አልተጎዳም። ታዲያ ሁለቱ በሽታዎች አንድ ናቸው ወይስ መንታ መስለው የሚታዩ ባዕዳን?

ከማዕድ የተጀመረ ምርመራ

ሉሲ በመጀመሪያ ተላላፊ ተሕዋስያን ለችግሩ መንስኤ መሆን አለመሆናቸውን ፈተሸች። ለዚህ የሚሆን አሳማኝ ማስረጃ አላገኘችም። ከዚያም ትኩረቷን ወደ ሴቶቹ ማዕድ አዞረች። ምን ይበላሉ? ምንስ አይበሉም?

መልሱ ከኑሮ ደረጃ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። በሽታው በብዛት የሚያጠቃው ድሆችን፣ በተለይም ድሃ ሙስሊም ሴቶችን ነበር። በማዕዳቸው ላይ ፍራፍሬና ቅጠላ ቅጠል እምብዛም አይታይም። የተሻለ ኑሮ ያላቸውና የተመጣጠነ ምግብ የሚያገኙት ሴቶች ግን በዚህ በሽታ ብዙም አይጠቁም ነበር። እርግዝና በራሱ የደም ፍላጎትን ይጨምራል። ቀድሞውንም ጉድለት ያለበት ሰውነት ሌላ ሕይወት ሲሸከም ያለችው ጥቂት ጥሪት ትሟጠጣለች።

ጥርጣሬዋን ለማረጋገጥ ለአይጦች የድሆቹን ሴቶች ምግብ የሚመስል ቀለብ ሰጠቻቸው። ያረገዙት አይጦች ደማቸው አነሰ። በቀለቡ ላይ እርሾ ሲጨመር ግን ከችግሩ ተጠበቁ። ፍለጋው እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ሆኖም በአይጦቹ ላይ የነበረ ቅማል ራሱ ደም የሚያሳንስ ተሕዋስ እንደሚያስተላልፍ ታወቀ። ስለዚህ የአይጦቹ ደም ያነሰው በምግብ ጉድለት ይሁን በተሕዋሱ መለየት አስቸጋሪ ሆነ።

ሉሲ አስደሳች የመሰለውን ውጤት ይዛ ከመሮጥ ይልቅ ሙከራውን በሌላ እንስሳ ላይ ደገመች። በዚህ ጊዜ የመረጠችው ዝንጀሮዎችን ነበር። ዝንጀሮዎቹ በተመሳሳይ የተጓደለ ምግብ ሲቀለቡ እንደ ሴቶቹ ሁሉ ግዙፍ ሕዋሳት ያሉት የደም ማነስ ያዛቸው። እርሾ ሲሰጣቸው ዳኑ።

ለሴቶቹ የሰጠችው ማርማይት የተባለውን ምግብ ነው። ማርማይት ከቢራ ጠመቃ ከሚተርፍ እርሾ የሚዘጋጅ፣ እንግሊዞች በዳቦ ላይ ቀብተው የሚበሉት ጥቁርና ጨዋማ ልቁጥ ነው። ጠላ ለሚጠምቅ ሰው ከአተላ የወጣ መድኃኒት እንደማለት ነው። ከዚያ በፊት ሌሎች መንገዶችን ሞክራ ነበር፤ ቫይታሚን ኤ እና ሲ የረባ ለውጥ አላመጡም። ከእርሾው በኋላ ግን ሴቶቹ የምግብ ፍላጎታቸው ተመለሰ። በጥቂት ቀናት ውስጥም ከመቅኔ የወጡ አዳዲስ ቀይ ሕዋሳት በደማቸው ውስጥ መታየት ጀመሩ።

ሉሲ ይህን ውጤት በ1931 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተመች። ግኝቱ ለድሆች ትርጉሙ ትልቅ ነበር። ከጉበት የሚዘጋጀው መድኃኒት ውድ ነው፤ የቢራ እርሾ ግን ርካሽ ነው፤ ለመቀመጥም አያስቸግርም።

መንታ የሚመስሉ ባዕዳን

እርሾው ለምን እንደሚፈውስ ግን ሉሲ አታውቅም ነበር። በውስጡ ደም የሚያመርት አንድ ያልታወቀ ነገር እንዳለ ብቻ ነው ማረጋገጥ የቻለችው። ሌሎች ተመራማሪዎች ይህን ያልታወቀ ነገር በእርሷ ስም የዊልስ ንጥረ ነገር አሉት።

በ1930ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወደ ሕንድ ተመልሳ ባካሄደችው ጥናት ሁለቱን ተመሳሳይ በሽታዎች የሚለይ ማስረጃ አገኘች። ያልተጣራ የጉበት ጭማቂ ሁለቱንም ይፈውስ ነበር። ጉበቱ በሚገባ ሲጣራ ግን ነርቭ የሚጎዳውን በሽታ መፈወሱን ሲቀጥል የሕንድ ሴቶችን አይፈውስም ሆነ። ይህ ማለት በጉበት ውስጥ አንድ ሳይሆን ሁለት የተለያዩ ፈዋሽ ነገሮች አሉ ማለት ነው። በማጣራቱ ሂደት አንደኛው ሲቀር ሌላኛው ተወግዷል።

ይህ ልዩነት ለሳይንስ ብቻ የሚጠቅም ዝርዝር ጉዳይ አይደለም፤ ዛሬም ድረስ የሰው ሕይወት የሚወሰንበት ነው። በጉበቱ ውስጥ የቀረው ነገር በ1948 ተለይቶ ቫይታሚን ቢ 12 ተባለ። የተወገደው ደግሞ ዛሬ ፎሌት ወይም ፎሊክ አሲድ የምንለው ነው። ቢ 12 የጎደለበት ሰው ፎሊክ አሲድ ብቻ ቢሰጠው የደም ቁጥሩ ሊሻሻል ይችላል። ሐኪሙም ታማሚውም የዳነ ይመስላቸዋል። የነርቭ ጉዳቱ ግን ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል፤ በጊዜ ካልተደረሰበትም የማይመለስ ይሆናል። ቁጥሩን ማስተካከልና መንስኤውን ማከም አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

ከአራት ቶን ስፒናች የተገኘ ቅንጣት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ሉሲ በለንደን በሕክምና ሙያዋ ስታገለግል ቆየች። ትሠራበት የነበረው ሮያል ፍሪ ሆስፒታል በ1944 በጀርመን በራሪ ቦምብ ተመትቶ ነበር። በነዚያ የራሽን ዓመታትም የነፍሰ ጡሮችን ጉዳይ አልተወችም። የምግብ ድልድሉና በመደበኛነት የሚሰጥ የብረት ማዕድን ክኒን በነፍሰ ጡሮች ሄሞግሎቢን ላይ የሚያመጡትን ለውጥ አጥንታ ከባልደረቦቿ ጋር በ1947 ውጤቱን አሳተመች።

ያልታወቀውን የእርሾ ንጥረ ነገር የማወቁ ሥራ በሌሎች እጅ ተጠናቀቀ። በ1941 በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአራት ቶን ስፒናች ጥቂት ቅንጣት ለይተው አወጡ። ስሙንም በላቲን ቅጠል ከሚለው ቃል ወስደው ፎሊክ አሲድ አሉት። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ይላፕራጋዳ ሱባራው የተባለ ትውልደ ሕንዳዊ ሳይንቲስት የሚመራው የአሜሪካ ቡድን በቤተ ሙከራ መሥራት ቻለ።

ያልተጠበቀው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሲድኒ ፋርበር የተባለ የቦስተን ሐኪም ፎሊክ አሲድ የደም ካንሰር ያለባቸውን ሕፃናት በሽታ የሚያባብስ መሆኑን አስተዋለ። ንጥረ ነገሩ የካንሰር ሕዋሳትን የሚያራባ ከሆነ ሥራውን የሚያግድ ነገር ደግሞ ሊገታቸው ይችላል ብሎ አሰበ። በ1948 ይፋ ባደረገው ጥናት እንዲህ ያለው መድኃኒት በአንዳንድ ሕፃናት ላይ በሽታውን ለጊዜው እንዲያፈገፍግ አድርጓል። ይህም ለካንሰር መድኃኒቶች ዘመን በር ከከፈቱ ግኝቶች አንዱ ሆነ። ከዚያው ቤተሰብ የሆነው ሜቶትሬክሴት ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

ሌላው ውጤት ሳይወለዱ ስለሚጎዱ ሕፃናት ነው። የጽንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠሩበት የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው በእርግዝናው የመጀመሪያ ሳምንታት፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ ሳያውቁ ነው። በ1991 ይፋ የሆነ በሰባት አገራት የተካሄደ ጥናት፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ልጅ ያረገዙ ሴቶች ፎሊክ አሲድ ከወሰዱ ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። አሜሪካ ከ1998 ጀምሮ በተጣራ ዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድ እንዲጨመር አስገደደች፤ በርካታ አገሮችም ተከተሏት።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያንም ቅርብ ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተካሄዱ ጥናቶች በነርቭ ቱቦ ክፍተት የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር ከሌሎች በርካታ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ከፍተኛ መሆኑን አመልክተዋል። በእርግዝና ክትትል ጊዜ በጤና ጣቢያዎች ለእናቶች የሚሰጠው የብረት ማዕድንና የፎሊክ አሲድ ክኒን ሉሲ በሕይወቷ ያጠናቻቸውን ሁለቱን ንጥረ ነገሮች በአንድ ላይ የያዘ ነው። ክፍተቱን ለመከላከል ግን ፎሊክ አሲዱ ከእርግዝና በፊት መጀመር እንዳለበት ባለሙያዎች ይመክራሉ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ሉሲ ዊልስ በ1947 ከሮያል ፍሪ ሆስፒታል የፓቶሎጂ ክፍል ኃላፊነት በጡረታ ተሰናበተች። ይሁን እንጂ ዕረፍት አልመረጠችም። በጃማይካ፣ በፊጂና በደቡብ አፍሪካ በምግብ እጥረትና በደም ማነስ ላይ ምርምሯን ቀጠለች። በመጨረሻዎቹ የሕይወቷ ዓመታትም በለንደን የቼልሲ ወረዳ ምክር ቤት የሌበር ፓርቲ ተወካይ ሆና አገልግላለች። ትዳር አልመሠረተችም። በ1964 በ75 ዓመቷ አረፈች።

የኖቤል ሽልማት አላገኘችም። ያገኘችው ንጥረ ነገር ስሙ ሲወጣም የእርሷ ስም ቀረ። ከመስኩ ባለሙያዎች ውጭ ለረጅም ጊዜ ብዙም የማትታወቅ ብትሆንም በ2019 የተወለደችበት 131ኛ ዓመት ሲታሰብ ጉግል በመክፈቻ ገጹ ላይ ዘክሯታል።

ዛሬ የደም ምርመራ ውጤት የሚቀበል ሰው ወረቀቱ ላይ ከመደበኛው ያነሱ ቁጥሮችን ሊያይ ይችላል። ሐኪሙ ከዚያ አልፎ የሕዋሳቱን መጠን ሲመለከት፣ የቢ 12፣ የፎሌትና የብረት መጠን እንዲለካ ሲያዝ፣ ታማሚው ምን እንደሚመገብ ሲጠይቅ ሉሲ በቦምቤይ የሄደችበትን መንገድ ይከተላል። በዚያች ከተማ ለድሆቹ ሴቶች የጠቀማቸው የደማቸው ማነስ መታወቁ አልነበረም፤ እርሱማ ከፊታቸው ይታይ ነበር። የጠቀማቸው ለምን አነሰ ብላ የጠየቀች፣ የመጀመሪያው መልስ አጠራጣሪ ሲሆንም እንደገና የመረመረች ሐኪም መኖሯ ነው።